ሁለት መቶ ሜዳ

ሰኔ ነው። ጅማ ላይ ዝናቡ አያባራ፣
ጣሪያው እንደ ጉባኤ ሌሊቱን ሲያወራ፣
እኔ ከመስኮት ሥር፣ በማይክሮስኮፕ ፊት
ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ የሌላ ሰው ሌሊት።

አንዱ ከአሰንዳቦ፣ ከግድቡ ዳርቻ፣
ሌላዋ ከሰርቦ፣ በነጠላ ብቻ፣
እየተንቀጠቀጡ ጣት ሰጥተውኝ ወጡ፣
ኮሪደር ላይ ሆነው ውጤት ሊያዳምጡ።

«ሁለት መቶ ሜዳ በሌንሱ ሳታልፍ
እስክሪብቶህን አስቀምጥ፣ ምንም እንዳትጽፍ።
ካልታየህም ደግሞ “የለም” እንዳትል፣
የዓይንህን ልክ ተናገር፣ ስለ ደሙ አትማል።
“አልታየም” በል ልጄ፣ ሐቁ እሱ ብቻ ነው»
አለኝ ጋሽ ሙዘይን፣ ወንበሩ ላይ ያሸበተው።

እኔም አለኝ አንድ ያልጻፍኩት ውጤት።

ባለፈው መስከረም፣ ቦሳ ባለው ጸሎት ቤት
ከሩቅ የመጣ እንግዳ እጁን ራሴ ላይ ጭኖ
«አንተ የተጠራህ ነህ!» አለኝ ድምፁ ገንኖ።
ሕዝቡ እልል አለ። እናቴ አለቀሰች፤
ከዚያች ቀን ጀምራ «የኔ መጋቢ» አለች።
እኔ የሰማሁት ዝናብ፣ የተሰማኝ ላብ ነው፤
ሌላው ጉልበቴ ነው፣ ሲሚንቶ ያመመው።

አሁን ከአዲስ አበባ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት
ቅጹ መጥቶ አራት ታጥፎ በጋውኔ ኪስ አለበት።
«የጥሪህን ታሪክ በአንድ ገጽ ግለጽ» ይላል ጥያቄ ሰባት።
ስድስቱን ሞልቻለሁ። ስም። ዕድሜ። የትውልድ ቦታ።
ሰባተኛው ባዶ ነው፣ ይኸው አሥራ አንድ ማታ።

በግንቦት ለኢፋቱ ልጅ ሦስት ቀን ጾመን ነበር፤
በአራተኛው፣ ረፋድ ላይ፣ ቆምን ከመቃብር።
ማንም ማንን ሳይጠይቅ መዝሙር ተጀመረ፤
አፌን ከፈትኩ እኔም። ድምፄ ግን ቀረ።

ለማን ይነገራል? ለመጋቢው? ለእናት?
አንድ ቀን፣ አዌቱ ድልድይ ላይ፣ ለገላኔ ነገርኳት፤
ያቺ በመዘምራን ፊት ለፊት የምትቆም፣
ዓይኗን ስትጨፍን ሰማይ ቅርብ የሚመስላት ሁልጊዜም።
ወንዙን አየች። ጭቃውን ተሸክሞ ሲወርድ ቆየች።
«እኔም እኮ» አለች። ሌላ ቃል አላለች።
ከያዘችው ሸንኮራ ግማሹን ሰበረች።

አሥር ሰዓት ተኩል። አዛኑ ከሄርማታ፣ ቅዳሴው ከማዶ፤
ከተማው በሙሉ ይጣራል ማልዶ።
ጋሽ ሙዘይን ጋውኑን ሰቀለ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣
ውሃ ወዳለበት ረገጥ ረገጥ እያለ ቀረበ፣
የሚሄድበትን እንደሚያውቅ ሰው።
ቀናሁበት።

ሲነጋጋ መስኮቱን ከፍቼ ስም መጥራት ጀመርኩኝ፣
«ከማል አባ ጊሳ!» ሦስቴ ደጋገምኩኝ።
ሽማግሌው አልሰሙም። ጆሯቸው ደክሟል፤
ጎናቸው የተቀመጠ አንድ ልጅ ግን ሰምቷል፣
እሱም ትኩሳት ያለበት፣ ፎጣ የደረበ።
እንዴት እንዳወቀ እንጃ፣ ወደ እሳቸው ቀረበ፣
ትከሻቸውን ነካ። «እርስዎን ነው» አላቸው።
ዳበስ ዳበስ አድርገው አገኙ በትራቸው።

ድምፄ እኮ አልጎደለም። ስማቸውም ልክ ነው።
በእኔና በእሳቸው መካከል የነበረው
የዝናብ ጩኸት ነው፣ የበር ጩኸት ነው፣ የሰው።
ያን ሁሉ ያሻገረው የታማሚ እጅ ነው።

ይህን ለጥያቄ ሰባት መልስ ልጽፈው አሰብኩ፤
እስክሪብቶ አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥኩ።
ገና ነው። የእናቴ እንባ አለ፣ የኢፋቱ ልጅ አለ፣
በአንድ ማለዳ ነገር ሁሉ አይጠቃለለ(ም)፣
ቢጠቃለልም አላምነው።

ሽማግሌው ጣታቸውን ሰጡኝ፤ ቀዝቃዛ፣ የሥራ ጣት፤
መርፌው ሲነካቸው ዓይናቸውን አልከደኑለት።
ጠብታው ደረቀ፣ ቀለም ገባ፣ ወደ ሌንሱ ጎንበስ አልኩ፤
አንድ ሜዳ፣ ሁለት ሜዳ፣ ሠላሳ ላይ ደረስኩ።

«ልጄ፣ አለ ወይስ የለም?» አሉኝ ከበሩ ተደግፈው።

«አባቴ» አልኳቸው፣ ዓይኔን ሳላነሣ፣
«ገና እያየሁ ነው።»