ኮፈን

በነሐሴ ዝናብ፣ በሚያዝያ ፀሐይ
ግብር ሲከፍል ኖሯል፣ ያ ደጃፌ ላይ
የቆመው ዲኤክስ፤ ካባቴ የወረስኩት፣
ሁለት ሞተር በልቶ ሦስተኛ ያጎረስኩት።
በሩ ጥቁር ነበር፣ ዛሬም ጥቁር ነው፤
ኮፈኑን ብቻ ነው ለምጽ የወረሰው።
መሃሉ ገርጥቷል፣ ጠርዙ ተቀርፏል፣
ጣት ሲያልፍበት እንኳ ዱቄቱ ይረግፋል።
የአዲስ ዓለም ልጆች ስም አወጡለት፣
«ቡሬው! ቡሬው መጣ!» እያሉ ሮጡለት።

አዛናው አየልኝ፣ ባቲላሜራው፣
አዘዞ መግቢያ ላይ ጋራዥ የሠራው።
በጥፍሩ ቆፈረ፣ አንኳኳ፣ አሸተተ፣
እንደ ሐኪም ዝም አለ፣ ካርድ እንደከፈተ፦
«ይፋቅ ከነሥሩ በብርጭቆ ወረቀት፤
ስቱኮ፣ ሁለት ዙር ቀለም፣ አራት ሌሊት።»
ዋጋውን ሲጠራ ጆሮዬ ሳተና
«ኮፈን» ያለውን ቃል «ከፈን» ሰማሁና
ኢና ሊላሂ ብዬ ቁልፌን አነሣሁ፤
ለጊዜው የሚሆን ብልሃት ፍለጋ ወጣሁ።

በነጭ ጋዝና በጨርቅ አሸሁት አንድ ማታ፤
በጨረቃ ሲያበራ፣ አቤት ያለው ደስታ!
ሲነጋ፣ አቧራው ከየቦታው ሰምቶ
ተኝቶበት ነበር ብርድ ልብስ ዘርግቶ።

«የጥርስ ሳሙና ነው» አለኝ አንዱ ደግሞ፤
ክብ ክብ እያሸሁ፣ ወገቤ ታምሞ፣
ዘምዘም ባዶ ቱቦ ይዛ መጣች በሩ ጋ፦
«በል መኪናህ ይሳቅ፤ እኔ አፌን ልዝጋ።»

የምግብ ዘይትማ ማን አለ የሚነካው፣
ከቀለም በላይ ነው ዘንድሮ ዋጋው።
የሻማ ሰም ሞከርኩ፤ ቀትር ላይ ቀለጠ፣
ዝንብና ገለባ፣ ያገኘውን ዋጠ።
ሰሙንስ አየሁት፤ ከወዲያ ከወዲህ
ብፍቀው ብፍቀው፣ ወርቅ የለም ከዚህ።

ዓርብ የረምላ አባት በሬን አንኳኳና
«ለሙሽራ ያልነው መኪና ቀረና…
አንተ ጎረቤት ነህ» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።
ኮፈኑን አላየም።
ወይ ዝም አለ አይቶ።

ቅዳሜ ፒያሳ፣ ሊስትሮ ፍለጋ።
ጥጋቡ ሳጥኑን አስጠግቶ ከጎማዬ ጋ
ሳቀ፦ «ቁጥሩ ስንት ነው የዚህኛው ጫማ?
ያንድ እግር ነው ሂሳቡ፣ ወይስ የጥንድ? ልስማ!»
አራት ቆርቆሮ ቀለም። ብሩሽ። ምራቅ። ጨርቅ።
እጁ ሲመላለስ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ።
ሲጨርስ፣ ፒያሳ ኮፈኑ ላይ ገባ፤
ፎቁ ተገልብጦ፣ ደመናው በካባ።
ፊቴንም አየሁት፤ ጥቂት ወጣት ሆኗል።

እሁድ፣ ጃንተከል ዋርካ፣ ጥላው ሥር ቆምን።
ፎቶ አንሺው «ሙሽሪት፣ ደገፍ በይ ኮፈኑን፣
ቀና በይ፣ እጅሽን ጣል አድርጊው» ሲላት
«ተይ» የምትል ቃሌ ጉሮሮዬ በላት።

ነጭ ጓንት ነበረ፣ ክርኗ ድረስ የሚወጣ።
ስታነሣው፣ መዳፉ ከሰል።

ጓንቱን አየች።
ኮፈኑን አየች፤ አምስት ጣት ሙሉ ለምጽ።
እኔን አየች።
ምንም አላለችም። ቀስ ብላ እጇን ጨበጠች፣
ለፎቶው ፈገግ አለች።

አልበሙን አሳዩኝ ከወር በኋላ።
ኬኩን በግራዋ ስትቆርስ፣ ስትበላ፣
አጎንብሳ ስትስም የባሏን እናት፣
ያ የቀኝ መዳፏ አንዴም አልተፈታ።
«ምን ጨብጣ ነው?» ይላል ያየው ሁሉ ሰው፤
አንዱ «ገንዘብ» ሲል፣ አንዷ «ክታብ ነው»።
ዘምዘም ወደ እኔ ዞረች።
እኔ ገጹን ገለጥኩ።

ክረምቱ ገባ። ቡሬው ቡሬ ሆነ።
የጥጋቡ ቀለም በቦዩ ወርዶ ወርዶ
ቀሃ ወንዝ ገብቷል።
አዛናው ጋ አልሄድኩም፣ ገንዘቡም አልሞላ።
አሁን በውሃ ብቻ ነው የማጥበው።