ክርክር

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ በሬሳ ዳር፤
ቡጢ ሰንዝሬ አላውቅ፣ እግሬም ከፔዳሉ አይዘል በአየር።
ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ከማሽኔ ኋላ፣
የማንያዘዋልን ልብስ ሰፋሁ፣ ለእሱም ለተማሪዎቹም፣
በቀብድ፣ በዱቤ፣ አንዳንዴም በባቄላ።

መምህሩ በኅዳር ውርጭ ሞተ፣ በሌሊት፣
ሳይል «እከሌ ይተካ»፣ ሳይተው ወረቀት።
ተዝካሩ ሳይበላ፣ ጠላው ሳይጠነሰስ፣
ተነሣ ጭቅጭቁ፦ ማን ይሁን የሚወርስ?

እርገጤ ቀደመ። «እኔ ነኝ አንጋፋው፤
በገዛ እጁ አሰረልኝ፣ መጋዘኑ ገና ምስር ምስር ሲሸተው።»
ከዋሻው ወዲያ ማዶ፣ ከደብረ ሲና ሸዋንግዛው መጣ፣
ከስልኩ ውስጥ የደበዘዘ ፎቶ አወጣ፤
«ላንተ የሰጠህ ለት ጠጅ ነበር አፉ ላይ፣
ለእኔ ግን በሑዳዴ ሰጠኝ፣ በቀትር፣ በጠራ ሰማይ።»
ልጁም አለ፣ ደምሰው፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተረኛ፣
አንድ ቀን ያልሠለጠነ፣ የሌሊት ፈረቃ እንቅልፈኛ፤
«ጥበብ በደም ይወርዳል» ብሎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣
በበሩ ላይ ሰንሰለት ሁለት ዙር ጎተተ።

ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ሦስት እሑድ፣ ከሥላሴ ቅጥር፤
ማን ከማን ተማረ? ሐረጉ ይቆጠር!
«መምህሩ ከማን አገኘው?» «ከሻምበሉ፣ ከደብረ ዘይት።»
«ሻምበሉስ?» «ከኮሪያዊ።» «ኮሪያዊውስ?»
ዝም። ነፋስ አለፈበት።

ባረማመዱም ደግሞ ተጣሉ፤
«ግራ እግር ይጎተታል፣ እሱ ነው የምሥጢሩ ውሉ!»
«ይነሣል እንጂ!» አንዱ አንዱን «መናፍቅ» አሉ።

እኔ የማውቀው ሜትሬን ነው። ሱሪ ስለካለት፣
የግራው እግሩ ከቀኙ ያጥር ነበር ጣት ሁለት።
ልጅ ሳለ በቅሎ ጣለችው፣ ጅሁር መንገድ ላይ፤
ለማንም አላወራሁም፤ ጠርዙን አጥፌ ሰፋሁለት፣ እንዳይታይ።

ደግሞ ስለ ቀበቶው። «አይታጠብም» ይላሉ፣
«ላቡ ዕውቀት ነው፤ የታጠበ ለት ይፈርሳል ቃሉ።»
ልጆቹ ሸተቱ። ሥርዓት ነው ብለው ቻሉ።

እውነቱን ልናገር? አንድ ማታ መጣ፣
ካፖርቱን ተከናንቦ፣ ከጉያው የዱቄት ከረጢት አወጣ።
«ጥቁር ቀበቶ አድርግልኝ» አለ። «ማን ሰጠህ?» አልሁት እኔ።
«ሊሰጠኝ የነበረው ሞተ» አለ፤ አላየም ወደ ዓይኔ።
ስምንት መስመር ሰፋሁት። በጥላሸት፣ በጫማ ቀለም፣
በባለቤቴ ድስት ቀቀልሁት፤ ድስቱ እስከ ዛሬ አልጠራም።
«እንዳታጥበው» አልሁት፣ «ይለቃል፣ ውሃ አይወድም።»

ታዲያ ውሸታም ነበር?
እንጃ። ሱቄን ልከፍት ስወርድ በጧት፣
መሬቱ በውርጭ ነጥቶ፣ በበሩ ስንጥቅ አየዋለሁ፣
ብቻውን፣ ያለ ምስክር ፊት፣
ግራውን ሲጎትት፣ ሲያነሣ፣ ሲወድቅ፣ ደግሞ ሲቆም፣
የተሰቀለው ጆንያ እስኪቀደድ።
ጆንያውንም የሰፋሁ እኔ ነኝ። አላስከፈልሁም።

እኔንስ ማን አስተማረኝ? ደነባ ገበያ፣ አለቃ ድንበሩ ሲሰፋ፣
በግድግዳ ቀዳዳ እያየሁ ሰረቅሁት፤ እስኪመሽ፣ ዓይኔ እስኪጠፋ።
ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ «ኮትህ ከማን ይወርዳል?»
ትከሻው ላይ ከተቀመጠ፣ ባለኮቱ ከፍሎ ይሄዳል።

ትናንት ሦስቱም መጡ፣ ተራ በተራ፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ፣
ጥቁር ቀበቶ አዘዙ፣ በወርቅ ክር «ወራሽ» የሚል ላዩ ላይ።
«አንተ ታውቀዋለህ» አሉኝ፣ «ቃልህን ስጥ፣ ማን ነው?»
እኔ መርፌዬን ይዤ ቀዳዳውን ፈለግሁ፤ ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለው።
ጣቃው አንድ፣ መቀሱ አንድ፣ ሦስት ወገብ መጠኑ፤
እርገጤ ሆዱ ገፍቷል፣ ደምሰው እንደ ሸምበቆ ቀጥኗል ጎኑ።
ክር በክር ላይ ሲደርብ፣ ክርክር ይሆን ነፍሱ፤
«ግማሹን ቀብድ» አልኋቸው፣ «ቀሪውን ስትለብሱ።»

«እንዳታጥቡት» አላልሁም።
የዘንድሮ ቀለም አይለቅም።