የኪራይ ብዕር

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከዚች ወንበር ላይ
ልደትን ከሞት ጋር ስመዘግብ፣ ስለይ፣
የሰሜን ባሕር ነፋስ በሩን ሲያንኳኳ፣
ብዕሬ ራሱ የኪራይ ነበር ለካ።

ዓመት በመጣ ቁጥር ደብዳቤ ይመጣል፤
«ፈቃዱ ሊያልቅ ነው፣ ዋጋው ጨምሯል» ይላል።
ከንቲባው ይፈርማል፣ ገንዘቡ ይሄዳል፤
የመዋዕለ ሕፃናቱ ጣራ ግን ያፈሳል።

አንድ ሰኞ ቻርክ መጣ፣ የኮምፒውተሩ ልጅ፣
ፍላሹን አንጠልጥሎ ቆመ ከኔ ደጅ።
«ወይዘሮ ፍራውከ፣ ከዛሬ ጀምሮ
መስኮቱ ይዘጋል» አለኝ አቀርቅሮ፤
«ከእንግዲህ ከክፍት ምንጭ ነው የምንቀዳው፤
አጥር የለው፣ ዘበኛ የለው፣ ለሁሉም ነው ሜዳው።»

እኔ በዕድሜ ዘመኔ በነጻ ያገኘሁት
ጉንፋን ብቻ ነበር፤ በምን ልመነው በእውነት?

የመጀመሪያው ሳምንት መከራ ነበረ፤
የሟች ስም ከመስመሩ ወርዶ ተቀበረ፣
ከሚስቱ ስም ጋራ በአንድ ሳጥን አደረ፤
ማተሚያው አላውቅሽም ብሎኝ ተገተረ።
ቻርክን ረገምኩት፣ ከንቲባውን ጨምሬ፤
ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ ከመሳቢያው ዞሬ።

ኅሙስ ዕለት አንዲት ሴት መጣች፣ ገስከ፣ ከደሴቱ፤
ልታገባ ነው፣ ጠፍቶባት የልደት ወረቀቱ።
መዝገቡን ያ ጎርፍ በልቶታል፤ የቀረው
ሟቹ ሃርም ነው በዲስክ ያኖረው።
ያን ፋይል በኪራዩ ብዕር ስንቴ ሞክሬ
«የማላውቀው ዓይነት» ሲለኝ ነው መኖሬ።
ሠሪው ኩባንያ የገዛ ሥራውን ክዶ፣
እንዲህ ያለ ልጅ የለኝም ብሎ፣ አልፎታል ተራምዶ።

በአዲሱ ጫንኩት።
ዝም አለ።
ቆየና ተከፈተ፤ ኅዳጉ ተንጋዶ፣ ፊደሉ ተጋጭቶ፤
ግን ስሟ አለ፤ የእናቷም፤ ከጎኑ የሃርም ማስታወሻ፦
«ሌሊት፣ ማዕበል፣ ሦስት ኪሎ ከመቶ።»

ገስከ ሳቀች።
እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤
ወደ መስተዋቱ፣ ዝናብ ወደሚወርድበት።

ማታ ለማላውቀው ሰው ሦስት መስመር ጻፍሁ፤
የሟች ስም ይወርዳል ብዬ ስህተቱን ላክሁ።
ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከፍዬ መልስ ያልሰማሁ፣
በማግስቱ ከታሊን «ተስተካክሏል» አገኘሁ።
ስሙን አላውቀውም። አልጠየቅሁትም።

በፍሪዝላንድ ጠረፍ፣ ባሕሩ ከመሬት ከፍ በሚልበት፣
ግድቡ የሁሉ ነው፣ አንድ ጌታ የለበት፤
የጥንቱ ሕግ አጭር ነው፦ ወይ አካፋህን ያዝ፣
ወይ መሬትህን ልቀቅ። በደቦ ነው ባሕር የሚያዝ።

ማተሚያው ዛሬም አላውቅሽም እንዳለ፣
ቻርክም በየቀኑ «ነገ ነው» እያለ፣
ሌላ ስንጥቅ አየሁ፣ ከቀኑ ዓምድ ሥር የዋለ፤
ኮቴን ሰቀልኩ፣ ተቀመጥኩ። አካፋዬ የት አለ?