መስኮት ቁጥር ሦስት

ከፒያሳ ቁልቁል፣ ከድልድዩ ማዶ፣
ጣሊያን ትቶት የሄደው፣ አንድ ጎኑ ተንዶ፣
ቢሮ ነበር ያኔ። እንጀራዬም እዚያው፤
መስኮት ቁጥር ሦስት፣ ሽቦ የከለለው።
ስሜ ምን ያደርጋል? ጸሐፊ ነበርኩኝ፤
ማኅተም ስመታ ነው ጣቴን ያጠቆርኩኝ።

በሠላሳ ስድስት፣ ክረምቱ ሲወጣ፣
ባሻ ጓንጉል ሽብሩ ወረቀት ይዞ መጣ።
አምስት ዓመት ዱር አድሮ፣ ጥይት ቀርቶ በጭኑ፣
ዝናብ መምጣቱን ያውቃል፣ ሳይዳምን ቀኑ።
«ለአርበኛ አንድ ጋሻ» ይላል ትእዛዙ፤
የት አገር? አይልም። እዚያ ላይ ነው መዘዙ።
የቆዳውን ጋሻ ግምጃ ቤት አስገብቶ፣
የመሬቱን ጋሻ ሊቀበል ተመኝቶ፣
ቆመ ከመስኮቴ ባርኔጣውን አንሥቶ።

ነገ ና አልኩት።
ቃሉን እኔ አልፈጠርኩትም፤ ከወንበሩ ጋር ነው የተረከብኩት።
ነገ መጣ። ሐሙስ አልኩት፤ ሐሙስ መጣ።
ከክረምቱ በኋላ አልኩት፤ ክረምት ገብቶ ወጣ።
የደጅ ጥናት ጫማ ከእግር ቀድሞ ያልቃል፤
ሰውየው ይጠብቃል፣ ቀበቶው ይጠብቃል።

ከሰባራ ባቡር እያነከሰ ይመጣል፣
ከግንቡ ሥር ይቀመጣል፣
ከሌሎቹ ጋራ፦ አንድ ዓይና ሻምበል፣
የባሏን ሜዳይ በመሐረብ የምትቋጥር፣ የምትፈታ መበለት።
ቀና ብለው ያያሉ የውስጡ በር ሲከፈት፤
ከባሕር ማዶ የተመለሰ፣ ከረባት ያሰረ፣
ሰኞ ገብቶ፣ ዓርብ ዕለት በጅማ መሬት የከበረ።
ይህን ባሻ አየ። እንዳየ አየሁ።
ብዕሬን ቀለም የማጠቅስ መስዬ አቀረቀርኩ።

አንድ ቀን ቦታ ልፈልግለት ምድር ቤት ወረድኩ፤
አቧራ እየበላሁ፣ ሣጥን እየከፈትኩ፣
አርሲ ላይ፣ ከወንዝ ዳር፣ አርባ ሄክታር አገኘሁ።
ወረቀቱ የጣሊያን ነው፦ ካርታ፣ ሰማያዊ መስመር።
ፔትሪኒ የሚሉት፣ ከዘመተበት ጦር
ተሰናብቶ፣ ስንዴ ሊዘራ፣ የድንጋይ ቤት ሊያቆም፣
ሦስት ጊዜ አመልክቷል። በሦስቱም ኅዳግ ላይ
በቀጭን የእጅ ጽሑፍ፦ «ዶማኒ»።
ነገ ማለት ነው።
ሳቅሁ። ለካ የማላውቀው ባልደረባ ነበረኝ።

ከሥሩ ሌላ ወረቀት፣ ጠርዙን አይጥ የበላው፦
«ለወታደር እንግዳሸት ማደሪያ ይሁነው»።
ከዚያም ሥር፣ በእርሳስ፣ ሊጠፋ የደረሰ፦
ጭሰኛ አምስት፣ በሬ ስምንት፣ አንድ የወፍጮ ድንጋይ።

መዝገቡን ሳወጣ ወሬው ቀድሞኝ ሄደ።
በጥር፣ ብርዱ ገና በሽቦው ላይ እያለ፣
አንድ ሽማግሌ ከመስኮቴ ቆመ።
ሊበን ቱፋ ይባላል። ዘጠኝ ቀን በእግሩ መጥቷል።
የልጅ ልጁ ያስተረጉምለታል።
«ዘንድሮ ለማን ነው የሰጣችሁኝ? ይላል» አለኝ ልጁ።
የተሳሳተ መስሎኝ ደግሜ አስጠየቅሁ።
አልተሳሳተም።

ባሻ ሰማ። ከግንቡ ሥር ተነሣ። ሁለቱ ተያዩ።
«ወንዙ በበጋ ይደርቃል?» አለ ባሻ።
ልጁ ጠየቀ። ሽማግሌው መለሰ።
«አይደርቅም።»
ብዙ ጊዜ ሌላ ቃል አልነበረም።
ከዚያ ባሻ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ።
ምን ያድርግ? ጥይቱ ዛሬም ጭኑ ውስጥ ነው።
አንዱ ጋሻ ሲቀበል አንዱ ያለ ጋሻ ቆመ።

እኔም ማኅተሙን አነሣሁ፤ መታሁት፤ ጠረጴዛው ጮኸ።
ሽማግሌው ወደ ልጁ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀ።
«ምን አለ?» አልኩት።
«ያ እንጨት ምን አለ? ነው የሚለው።»
ልጁ እኔን አየ።
እኔ ሽቦውን።