የኅዳጉ ጽሑፍ

ወንድሜ ማሳውን ወሰደ፣ እህቴ ሰዓቱን ከግድግዳ፤
ለእኔ ይህ መጽሐፍ ደረሰኝ፣ ቆዳው የተላጠ ዕዳ።
ከኤመንታል ተራራ ወርዶ፣ በዱቄት በርሜል ተደብቆ፣
አርባ ስምንት ቀን በባሕር፣ በጨው ርሶ፣ በነፋስ ደርቆ፣
ኦሃዮ ገባ፤ እስከ ዛሬ ገጹ ሲገለጥ ዱቄት ይረግፋል፤
አያቴ ቤንዲክት በኅዳጉ፣ በዝይ ላባ ይጽፋል።

መጀመሪያ ጸሎት መስሎኝ ነበር፤ ቋንቋውን አላውቀው ደኅና፤
ለካስ «ላሟ ብሉም ወለደች፣ ወተቷ ቀጭን ነው ገና»።
ከመዝሙረ ዳዊት ጎን፣ «ውርጭ፤ ድንቹ ጠቆረ»፤
ከኢዮብ ቁስል አጠገብ፣ «የበሬ ዋጋ ጨመረ»።
«ስድስት ጉቶ ነቀልኩ ዛሬ፤ ሰባተኛው ግን አስቸገረኝ»፤
ይህ ዘፀአት ላይ ነው፤ በማግሥቱ፦ «ጉቶው አሸነፈ፤ ወገቤን አመመኝ»።
ኢሳይያስ ላይ አንድ መስመር፣ «ጎረቤት መጋዝ ተዋሰ»፤
ከሰባት ምዕራፍ በኋላ፣ «መጋዙ ዛሬ ተመለሰ»።

አንድ ቀን ብቻ አስረዝሞ ጻፈ፣ ማቴዎስ አምስት ላይ፦

«ከዳኛው ፊት ቆምኩ ዛሬ፣ ስለ መሬቴ ወረቀት፤
እጅህን አንሣና ማል አለኝ፤ ይህ ነው አለኝ ሥርዓት።
እጄ ቀንበር ያነሣል፣ ግንድ ያነሣል፣ ሬሳም፤
ለመሐላ ግን፣ አልኩት፣ ከጭኔ ላይ አይነሣም።
እግዜር ከሰማይ የሰማውን፣ ደግሞ ማስመስከር የለም፤
አዎን ካልኩህ አዎን ነው፣ አይደለም ካልኩህ አይደለም።
ጸሐፊው ሳቀ፤ ዳኛው ግን፣ ብዕሩን ሲያዞር ቆየና፣
'ይሁን፣ አዎን ብለህ ፈርም' አለኝ። ፈረምኩ፣ በምስጋና።»

ያቺ አዎን በስድስት ዓመቷ፣ ተፈተነች በአጥር፤
ሃርጊስ የሚሉት ጎረቤት፣ በሌሊት፣ በጨረቃ ሥር፣
ካስማውን ነቅሎ ተከለው፣ ሃያ እርምጃ ወደ እኛ አልፎ፤
ምንጯንም ወሰደ አብሮ፣ ሁለቱን ዋልነት አቅፎ።
ልጆቹ መጥረቢያ አነሡ፤ «ክሰስ» አለ አገር ሁሉ፤
እሱ ግን ዳቦ እየቆረሰ፣ «ቁጭ በሉና ቁርስ ብሉ»።
ከዚያ ወዲያ ውኃ ከወንዝ፣ ግማሽ ሰዓት ነው የሚቀዳው፤
የሴት አያቴን ትከሻ፣ የባልዲው ቀንበር ነው የጎዳው።
ኤልስቤት ቅድስና አላለችውም፤ አንድ ክረምት ሙሉ ዝም አለች፤
ወንጌል ሲነበብ በማታ፣ የካልሲ ስፌት ትቆጥራለች።
በኅዳጉ፣ በዚያ ወር፦ «ዛሬም ዝም። እውነት አላት።»
ከሥሩ ደግሞ በደቃቁ፦ «ጌታ ሆይ፣ ጉድጓድ አሳያት።»

ቆፈረ እንግዲህ፣ ሁለት ዓመት፣ ከእርሻ በተረፈው ማታ፤
ዘጠኝ ክንድ ወርዶ ዐለት አገኘ። ሌላ ጀመረ፣ በሌላ ቦታ።
ሦስተኛው ውኃ አወጣ። በእፍኟ ዘግና አጣጣመች፤
«ብረት ብረት ይላል» አለችው። በዚህ ቃል ዝምታዋን ፈጸመች።

አንድ ገጽ አለ፣ ፈጥኜ የማልፈው። ዘኍልቍ ነው፣ የሠፈር ስም ዝርዝር፤
ለለቅሶ የማይመች ቦታ፣ ሰው የማያነበው ቁጥር።
ፍሬኒ፣ አክስቴ፣ የአምስት ዓመት ልጅ፣ በጉሮሮ በሽታ ታንቃ
ሞተች፣ ሌሊት፣ ሁሉ ተኝቶ፣ እናቷ ብቻ ጠብቃ።
እሱ የጻፈው ይህን ነው፦ «በረዶ። መሬቱ አልቆፈር አለ፤
እሳት አነደድንበት። ላሟ ሳትታለብ ቀኑ ዋለ።»
ከዚያም ዝቅ ብሎ «ጌታ ሰጠ»። እዚያው ላይ ቆሟል ብዕሩ፤
የሚከተለውን እናውቃለን፤ ሕፃን እንኳ ያውቃል በአገሩ።
እሱ ግን ያን ግማሽ ቃል፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ
አልሞላውም። እሑድ ሲሆን፣ ይዘምራል እንደ ሁሉ፤
ገበታ ሲቀርብ ባርኮ፣ ለመንገደኛ ቆርሶ፣
ማታ ያችን ገጽ ገልጦ፣ ይዘጋት ነበር መልሶ።
(ጥጓ ላይ የአውራ ጣት ወዝ አለ።)

ባለፈው ወር ወንድሜ ማሳውን ሸጠ፤ የገዛው የሃርጊስ ዘር ነው፤
ሁለቱ መሬት አንድ ሆነ፤ አጥሩም ትርጉም አጣ፣ ነቀለው።
እኔም በራእይ ኅዳግ ላይ፣ በእርሳስ ይህን ጻፍኩበት፦
«ዝናብ። አጥሩ ወደቀ። ጉድጓዱ ዛሬም ውኃ አለበት።
ቀመስኩት።
ብረት ብረት ይላል።»