ድንኳን ጠጋኙ

ሰኞ ሰኞ በጠዋት፣ በደባርቅ መኪና፣
ሰባት ስምንት ድንኳን ይደርሰኛል ታሞ፣ እንድሰጠው ጤና።
ሱቄ ሽምብጥ ነች፣ ከሐይቁ ፈቀቅ ብላ፤
የስፌት መኪና፣ መርፌ በጣሳ ሙሉ፣
በሯ ላይ የዋርካ ጥላ።

ተራራ አልወጣሁም። ጉልበቴ ሰበብ ነው።
ብቻ የት እንዳደረ ድንኳን አይዋሸኝም፣ ገልጬ ሳሸተው።
ሳንቃበር ያደረ የአስታ ጭስ ይዟል፣
ለመንገድ ቅርብ ነዋ፣ ብዙ ጫማ ረግጦታል።
ግጭ ባደረው ላይ ጓሳ ዘሩን ሰክቶበታል፣
ውርጩ ዚፑን ነክሶ ጥርሱን አርግፎታል።
ጨነቅ ያደረ ግን ጨንቆት ነው የሚመጣ፣
ካስማው ጎብጦ፣ ገመዱ ተበጥሶ፣
ነፋስ በሆዱ ገብቶ በጀርባው የወጣ።
አንዴማ ከኪሱ የጭላዳ ፀጉር አገኘሁ፣
ወርቅማ፣ ረዥም፤
ከጣሳዬ ክዳን ላይ በሙጫ ለጠፍሁ።

ባለፈው ሁለት እጮኛሞች ድንኳን ሊከራዩ መጡ፣
«የት ብናድር ይሻላል?» ብለው፣ ደጃፌ ላይ ተቀመጡ።
«ብርድ ከፈራችሁ ሳንቃበር ይበቃል፤
ጀንበር ስትጠልቅ ለማየት ግጭ ይሻላል፤
ጨነቅ ዋልያው ቅርብ ነው፣ እንቅልፍ ግን ይርቃል፤
ቢምረው ደባርቅ ነው፣ በቅሎም ስካውትም እሱ ያገናኛል።»
ልጅቷ «አንተ ስንት ጊዜ ወጣህ?» ብላ ጠየቀች።
መርፌዬ፣ ለወትሮው ታማኝ፣ ጣቴን ወግታ ተሰበረች።

ያን ማታ ከተጠገኑት ውስጥ ሰማያዊውን መርጬ፣
ከጣና ዳር ተከልኩት፣ ካስማውን በድንጋይ ቀጥቅጬ።
(ውሃ ያስገባ እንደሁ ልፈትሽ ነው፣ አልኩ ለራሴ፤
ያለ ሰበብ ደጅ አላድርም፣ ይታዘበኛል ትራሴ።)
ትንኙ መጣ፣ እንደ ማኅበርተኛ ተጠራርቶ፤
ጉማሬ ደንገሉ ውስጥ ጉሮሮውን ጠረገ፣
እንደ ሽማግሌ ሊናገር ተነሥቶ።
ደግሞ ዝም አለ።
ጨረቃ ወጣችና የደረብኩትን እራፊ ሁሉ አበራች፤
እያንዳንዷ ስፌት ከራሴ በላይ
አምባ ሆና፣ ሸንተረር ሆና ታየች።
ያቺ የግጭ ቀዳዳ፣ ያ የጨነቅ ጠባሳ፣ ሁሉንም አውቀዋለሁ፤
እጄ ወጥቷል ለካ፤ እግሬን ነው የምጠብቀው፣ አልሁ።

ሲነጋ ድምፅ ሰማሁ። እትዬ ሙጭት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣
ሁለት ሴት አስከትላ፣ ልቅሶዋን ጉሮሮዋ ላይ አንቃ፦
«አንሙት! ማን ሞተ? ማን ሄደብን በሌሊት?»
ዚፑን ከፍቼ አንገቴን ብቻ አወጣሁላት።
«ማንም። ስሜን አታውቂም?»
«ሰርግ ነው እንዴ?» «አይደለም።»
«እና ድንኳኑ?»
ምን ልበላት።
በእኛ አገር ድንኳን ወይ ለሙሽራ ነው ወይ ለሬሳ፤
መሀል ላለው ሰው፣ ማደር ብቻ ላማረው፣
ማነው ካስማ የሚያነሣ?

ጫማዋን አውልቃ ጎንበስ ብላ ገባች፣
ጨርቁን በመዳፏ ዳሰሰች፣ ስፌቴን ቆጠረች።
ለለቅሶው ያመጣችውን ዳቦ ፈትታ ቆረሰች፤
ሁለቱም ሴቶች ገቡ፤ በጉልበትና በክርን ተጣበቅን፣
በተከፈተው ዚፕ በኩል ሐይቁን እያየን፣ አላመጥን።
«ሳልጠራ ገባሁ» አለች፣ «በእርጅናዬ ድንኳን ሰባሪ!»
ግድ የለም፣ አልኩ።
ጠጋኙ እዚህ አለ፤ ይምጣ ሰባሪ።