የበረቱ ቦታ

ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ አርባ አንድ፣ አራተኛ ፎቅ ነው ቤቴ፤
ነገሩን ሁሉ ያየሁት ከዚያ ላይ ነው፣ በመስኮቴ።
መጀመሪያ አልወረድኩም፤ እውነቱን ልናገር፦
ሰው ሲቆፍር ማየት ደስ ይላል፣ ራስ መቆፈር ነው ችግር።

በሁለት ብሎክ መሃል ግንበኞች ትተውት የሄዱት ሜዳ፣
የዛገ ፌሮ፣ የተሰባበረ ሴራሚክ፣ የሲሚንቶ ጓል፤
አንድ የሽንት ቤት መቀመጫ ደግሞ፣ ነጭ፣ ያልተነካ፣
የበልግ ዝናብ ሞልቶት ወፍ ይጠጣበታል።

ስብሰባ ተጠራ። ግማሹ ሰው «መኪና ማቆሚያ ይሁን» አለ፤
መኪና ያለው ሁለት ነው፣ የሚመኝ ግን ብዙ አለ።
ወይዘሮ ዘርፌ ብድግ ብለው ከፌስታላቸው ውስጥ
አንድ እስር ጎመን አወጡ፣ የጠወለገ፣ የከሳ፤
«ስንት ገዛሁት?» አሉ።
ዋጋውን ሁላችንም እናውቃለን። መልስ የሰጠ የለም።
ባለመኪናው እንኳ አንገቱን ደፋ።

ቅዳሜ ተጀመረ። ዶማው ከሦስተኛ ፎቅ መጣ፣
ባሬላው ከየት እንደመጣ ማንም አልጠየቀም።
ጡረተኛው መምህር ልሳነወርቅ በደብተር ተራ አወጡ፦
ማክሰኞ ማን ያጠጣል፣ ዓርብ ማን፤
ውሃ የሚመጣው በእነዚያ ሁለት ሌሊት ነውና።
ጀሪካኖቹ ደረጃው ላይ ከምሽቱ ይሰለፋሉ፣
ስማቸው በማርከር ተጽፎ፣
አስተማሪ እንደሚጠብቁ ልጆች።

ችግኙ ግን ከጀሪካኑ ጋር ተመሳሰለ፣ ቢጫ ሆነ።
«ኖራ በዝቶበታል» አሉ መምህሩ።
«ዓይን በዝቶበታል» አሉ ዘርፌ፣
ወደ መስኮቶቹ ቀና ብለው።
ያን ቀን ነው መጋረጃዬን ዘግቼ የወረድኩት።

ኦቦ ቱፋ፣ የሌሊት ጥበቃችን፣ ዱላቸውን ተደግፈው
ሦስት ሳምንት ዝም ብለው አይተውናል።
በአራተኛው ቀረብ አሉና፣
«ልጆቼ፣ የምትቆፍሩት አውድማዬን ነው» አሉ።
«ሠላሳ ዓመት በሬ የረገጠው ነው፤
አውድማ ይወቃበታል እንጂ አይዘራበትም።»
ከሴፕቲክ ታንኩ ጀርባ ሳሩ ወገብ ወደሚደርስበት
በዱላቸው ጠቆሙን፤
«በረቱ እዚያ ነበር።»

ማንም ወዲያው አልተንቀሳቀሰ።
አራት ዓመት በራችንን ሲጠብቁ፣
«ደህና ይመሹ» ብለን ስናልፍ፣
በማን መሬት ላይ እንደምንተኛ አልጠየቅንም።
«ያንቺ ቤት» አሉኝ፣ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ መሬት እያዩ፣
«ሽምብራው ላይ ነው።»
የካሳው ብር ምን ሆነ ያለም የለም፤
መልሱ ካፖርታቸው ክርን ላይ ተጥፏል።

ቆፈርን። ክንድ ሳንወርድ መጣ፦
ጥቁር፣ ልስልስ፣ ትል የሚርመሰመስበት፣
የላም የጥጃ እበት፣ የሠላሳ ዓመት፣
ሲሚንቶ ያልደረሰበት።
ዘርፌ በመዳፋቸው አንስተው አሸተቱና
«ይሄስ ራሱ ይበላል!» አሉ።

ክረምት ሲገባ ጎመኑ እንደ ጃንጥላ ተዘረጋ።
ልጆቹ ፎቅ ለፎቅ እየዞሩ፣ በር እያንኳኩ፣
«ልጣጭ ያለው!» ይላሉ፣ በቆራሌው ዜማ፤
የድንቹም የሽንኩርቱም ልጣጭ በርሜል ይገባል፣ ይበሰብሳል፣ አፈር ይሆናል።
ፀብም ነበር፤ አልዋሽም።
አቶ ደረበ አንድ ቀን ሳያጠጣ ሦስት እስር ቆረጠ፣
ሚስቱ በማግስቱ ሁለቱን መለሰች።

መስከረም ላይ ኦቦ ቱፋን «ለእርስዎስ?» አልናቸው።
«አንዲት ትልም። እዚያ፣ ከደረጃው ሥር። ለሽምብራ።»
መምህሩ ተራ ሊያወጡ ደብተሩን ገለጡ።
«ውሃ አይፈልግም» አሉ ሽማግሌው፤
«ክረምቱ መሬት ውስጥ የተወለት ይበቃዋል።»

አሁን ታኅሣሥ ነው። ከወረዳው ደብዳቤ መጥቷል፣
ማኅተም ያለው፤ ስለ መኪና ማቆሚያ ነው።
ሰኞ ስብሰባ አለ። ዘርፌ ፌስታላቸውን አጥበው ሰቅለዋል።
ከታች ልጆች ሽምብራውን እየነቀሉ ይሮጣሉ፤
በልማዴ ከመስኮት ጮኽኩባቸው።
ኦቦ ቱፋ ዱላቸውን አነሡ፦
«ተያቸው! እሸት አይቆጠርም።»
ከዚያ አጎንብሰው አንድ እፍኝ ነቀሉና
ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ፣ ወደ ላይ ወደ እኔ ዘረጉት።

አራት ፎቅ። ነጠላ ጫማዬ አንዱ ጠፋብኝ።
በሌላው ወረድኩ።